ከጣራችን በላይ ማን አለ?

አክስቴ ሰባዎቹን ተሻግረዋል። ግቢያቸው አንድ የሎሚ ዛፍና ሁለት የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ የያዘች ናት። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ፀጉራቸውን ታጥበው፣ ሻሻቸውን ጥለው፣ ያረጀ የሌሊት ልብስ ለብሰው ያሰጡትን በርበሬ ሲያገላብጡ ከጎረቤት ሠርግ ቤት እንደ ንብ መንጋ የሚጮህ ነገር ተነሥቶ ከራሳቸው በላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩት። እሱም አያቸው። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሙሽሮቹ መኪና ሄደ፤ እሳቸውም ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ።

ከሳምንታት በኋላ የልጅ ልጃቸው ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። «እማዬ፣ ዩቲዩብ ላይ ወጥተሻል!» እውነትም ወጥተዋል። ሊሙዚኑ ይታያል፣ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ ዘፈኑ ከፍ ሲል ካሜራውም ከፍ ይልና የሰፈሩን ጣራ ሁሉ ያሳያል። መሀል ላይ ነጭ ፀጉራቸውን የበተኑ፣ አፋቸውን ከፍተው ሽቅብ የሚያዩ አንዲት አሮጊት አሉ። ሦስት ሰከንድ ነው። ለአንድ ሰፈር ግን ሦስት ሰከንድ መች አነሰው! አክስቴ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ያለ ሻሽ ከበር ወጥተው አያውቁም።

«አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ፤ «እስቲ ማን እንደሆነ እይልኝ። ማን ፈቅዶለት ነው?»

አየሁላቸው። ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበብኩ። የቀራጩ ድርጅት ሦስት ስልክ ቁጥር አለ። ሙሽራዋን ያስዋበችው፣ አዳራሹን ያስጌጠው፣ ኬኩን የጋገረው፣ መኪናውን ያከራየው ሁሉ በስም ተጠቅሷል። የድሮኑ ሞዴል ከነመለያ ቁጥሩ አለ፤ ካሜራው ስንት «ኬ» እንደሆነ አለ፤ ሌንሱ ላይ የተገጠመችው ማጣሪያ እንኳ አልተረሳችም። ማን አበረረው? በምን ፈቃድ? እዚህ ላይ ዝም ነው። የኬክ ጋጋሪው ስም ያለበት ወረቀት ላይ ሰው ራስ በላይ ብረት ያንጠለጠለው ሰው ስም የለም።

ያን ቀን የያዘኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ይኸው ጽሑፍ ሆነ። ክርክሬ አጭር ነው፦ ከድሮን የተቀረጸ ቪዲዮ ለሕዝብ የሚለቅ ሰው፣ ምን ዓይነት የማብረር ፈቃድ እንዳለውና ያን ቦታ በማን ፈቃድ እንዳበረረበት ከቪዲዮው ሥር በአንድ መስመር ይጻፍ። በቃ። የጠየቅሁት አንድ መስመር ነው።

ብሶቴን ይዤ የደወልኩት አሜሪካ ላለ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ በትርፍ ጊዜው የሐበሻ ሠርግ ይቀርጻል፤ ድሮን ያበራል፤ ፈቃድም አለው። ፈቃድ ያለው ሰው ይደግፈኛል ብዬ ነበር። ወዳጄ ሙት፣ እንደሱ የተከራከረኝ የለም።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፈቃዴን የማሳየው ለሚመለከተው ነው» አለኝ። «ፖሊስ ሲጠይቀኝ አሳያለሁ። የአቪዬሽን ሰዎች ሲጠይቁኝ አሳያለሁ። ተመልካች ግን ምን ቤት ነው?»

በሕጉ ትክክል ነው። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ክፍል 107 የሚባለው ደንብ፣ አብራሪው የምስክር ወረቀቱን አስተዳደሩ ወይም የሕግ አስከባሪ ሲጠይቀው እንዲያሳይ ያዝዛል። ለዩቲዩብ ተመልካች አሳይ የሚል ነገር የለበትም። እኔም ሕጉ ይላል አላልኩም። ፀጉር የምስተካከልበት ቤት ገብታችሁ ብታዩ ከመስታወቱ በላይ የንግድ ፈቃዱ ከነፎቶው ተሰቅሏል። መድኃኒት ቤቱም ግድግዳ ላይ አለ። ይህ ጽሑፍ የሚወጣበት ጋዜጣ የአዘጋጁን ስምና አድራሻ ይዞ ነው የሚታተመው። ሚኒባሱ እንኳ ታርጋ አለው። ፀጉሬን የሚነካው ሰው ፈቃዱን ለተቆጣጣሪ ብቻ አስቀምጦ ለእኔ «አንተ ምን ቤት ነህ?» ቢለኝ ከወንበሩ እነሣ ነበር።

ተማሪዬ ግን ሁለተኛ መከራከሪያ አመጣ፤ ይኼኛው ጠንከር ያለ ነው። «ፈቃዱ ምን የሚያረጋግጥ መሰለዎት?» አለኝ። ነገሩን አስረዳኝ፤ እኔም በኋላ ደንቡን አነበብኩት። ዕድሜው 16 የሞላው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር የሚችል ሰው ለፈተና ይቀርባል። 60 ምርጫ ጥያቄ ነው፤ 70 ከመቶ ያገኘ ያልፋል። የአየር ክልል ካርታ ማንበብ አለ፣ የአየር ጠባይ አለ፣ የጭነት ሚዛን አለ። ማብረር ግን የለም! ፈታኙ ፊት ድሮን አስነሥቶ የሚያሳርፍ ተፈታኝ የለም። መኪና ሳትነዳ መንጃ ፈቃድ እንደማውጣት በሉት። ከዚያ በየ24 ወሩ በኢንተርኔት የሚሰጥ የማደሻ ትምህርት አለ።

ለመዝናናት ብቻ የሚያበርረውማ ይኸም አይጠየቅም። እሱ የሚወስደው አጭር ነጻ ፈተና ነው፤ ከዚያ ፈተና ወድቆ የተመለሰ የለም፤ የሳተውን ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ነግረው ደግመው ያስመልሱታል። (እኔም እንደዚህ አስተምሬ ቢሆን ኖሮ ስንቱ በመረቀኝ!)

«ስለዚህ» አለ ተማሪዬ፣ «ፈቃድ አለኝ ብዬ ብጽፍ ተመልካቹን አታልለዋለሁ። ጎበዝ አብራሪ ነኝ ብሎ ያምናል።»

እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ይህ ክርክር ወደ እኔ ወገን ነው የሚያጋድለው። ፈቃዱ ብቻውን በቂ ስላልሆነ ነው «በምን ፈቃድ» የምለው፤ ያንን ዕለት፣ ያንን ቦታ። ለምሳሌ የእሱን አገር እንውሰድ። የእኛ ሰው በብዛት ያለው ዋሽንግተን ዙሪያ ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ያለው ሰማይ፣ ከመስከረም 11 ወዲህ በወጣው የደኅንነት ደንብ፣ የተለየ ፈቃድ ለሌለው ድሮን ዝግ ነው። ክፍል 107ን ያለፈውም፣ ለጨዋታ የሚያበርረውም እኩል ተከልክለዋል። አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም እዚያ ክልል ውስጥ ናቸው። አሁን አንድ ሰው ከሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ጣራ በላይ ሙሽራና ሙሽሪት ሲሳሳሙ የሚያሳይ ቪዲዮ ቢለቅ፣ ወይ የተለየ ፈቃድ አውጥቷል፣ ወይ ሕግ ጥሷል። ከምስሉ ላይ ይህን ለይቶ የሚያውቅ ተመልካች አለ? የለም። ሁለቱም እኩል ያምራሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ ያለበት ወጣት ቪዲዮውን አይቶ «እኛም እናድርገው» ይላል፤ የአጎቱን ልጅ ድሮን ይዋሳል። አንድ መስመር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ «ይኼ እኮ ፈቃድ ይፈልጋል» ይል ነበር።

ሌላም አለ። ለመዝናናትና ለሥራ በማብረር መካከል ያለው ወሰን ብዙዎች የሚያስቡት ቦታ ላይ አይደለም። ብዙ ሰው «ገንዘብ ካልተቀበልኩ መዝናናት ነው» ይላል። አስተዳደሩ ግን በነጻ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሠራ ሥራን እንኳ ከመዝናናት አይቆጥረውም። ለደብሩ ብሎ የደመራን በዓል በነጻ የሚቀርጽ ዲያቆን እሱ እንደሚያስበው እየተጫወተ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚያውቁት ፈተናውን ያለፉት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ቪዲዮ ሲለቁ አይናገሩም። ዕውቀቱን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ምስሉን ብቻ ይሰጡናል።

እዚህ ላይ ተማሪዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት? ሰው የሚፈራው መያዝን ነው።»

ገባኝ። ማስረጃም አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ሰው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ላይ ትንሽ አውሮፕላን አብርሮ በመቅረጹ አስተዳደሩ 10,000 ዶላር ቀጣው። ለድሮን የተጻፈ ደንብ ገና አልነበረም፤ ነገሩ ሲጓተት ቆይቶ በ2015 በ1,100 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በቅርቡ ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ አንድ ዩቲዩበር ከ180 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት ተጠየቀ፤ ማስረጃ ሆነው የቀረቡበት ራሱ ለሕዝብ የለቀቃቸው ቪዲዮዎች ናቸው። ስለዚህ አብራሪዎቹ «በገዛ ቪዲዮአችን ነው የሚከሱን፤ ጭራሽ ፈቃዳችንን ጽፈን ገመዱን እናቀብላቸው?» ይላሉ።

እንዴ! ፈቃድ ያለው፣ ቦታውንም ያስፈቀደ ሰው ምን ያስፈራዋል? የሌለውን ደግሞ የሚያጋልጠው ቪዲዮው ራሱ ነው፤ የፊላደልፊያው ሰው ከሥሩ ምንም ባይጽፍም ተይዟል። መስመሩ የሚያስፈራው ቪዲዮው ሲታይለት ደስ የሚለውን፣ አሠራሩ ሲጠየቅ ግን የሚያፍረውን ሰው ነው። እሱን ትንሽ ማስፈራት ኃጢአት አይመስለኝም።

ስለ ግላዊ ምስጢርም አነሣ። ስሜን ብጽፍ አድራሻዬን ፈልገው ይረብሹኛል ነው ነገሩ። አድራሻ አልጠየቅሁም፤ የምስክር ወረቀት ቁጥርም አልጠየቅሁም። ለነገሩ የአሜሪካ አስተዳደር የአብራሪዎችን መዝገብ ማንም ሰው በስም ፈልጎ እንዲያይ ከፍቶ አስቀምጦታል። ደግሞስ ስለ ግላዊ ምስጢር ከሰው ግቢ በላይ ካሜራ የሚያንጠለጥል ሰው ሲያስተምረኝ ትንሽ ያስቀኛል። አክስቴን ሄዶ ይንገራቸው።

ይህ ሁሉ ስለ ሦስት ሰከንድ ነው ወይ የሚል ካለ፣ ከሦስት ሰከንድ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል ከካናዳ፣ ከኩቤክ የመጡ ውኃ የሚረጩ አውሮፕላኖች ፓሊሴድስ የሚባለውን እሳት እየተዋጉ ነበር። አንድ ሰው ሳንታ ሞኒካ ከሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣራ ላይ ሆኖ እሳቱን ለማየት ድሮኑን ላከ። ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሄደበት፤ ከዓይኑ ተሰወረ፤ ከአንዱ አውሮፕላን ክንፍ ጋር ተላተመ፤ ክንፉን ቀደደው። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ነገር ግን ከተማ እየነደደ ለጥገና ለቀናት ቆመ። ሰውየው በኋላ ጥፋተኛነቱን አምኗል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማየት የፈለገ ሰው ነው። የሁሉም አገር ደንብ ማለት ይቻላል ድሮንህን ከዓይንህ አታርቅ፣ ከ120 ሜትር በላይ አትውጣ ይላል። ነገር ግን ስንት ሺህ ቪዲዮ አይተናል፣ ተራራ ተሻግሮ ደመና ሰንጥቆ የሚሄድ፣ አብራሪው ከዓይኑ ሳያርቅ ሊቀርጸው የማይችል፣ ከሥሩ የዘፈኑ ርዕስ ብቻ የተጻፈበት? የዚያን ሰው ልብ ገብቼ አላየሁም። እኔ ራሴ ግን እንዲህ ያሉትን ቪዲዮዎች ለዓመታት ሳይ ሰማዩ ባለቤት የሌለው መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ለብዙ ዓመታት ልብ ወለድ ሳስተምር ተማሪዎቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ጥያቄ አንድ ነበር። «ማነው የሚነግራችሁ? ከየት ቆሞ ነው የሚያየው?» አንጻር እንለዋለን። ከሁሉም አስቸጋሪው ሁሉን አወቅ ተራኪ ነው፤ ጣራ ገልጦ ይገባል፣ የሰው ጓዳ ያያል፣ ማን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። በልብ ወለድ ይፈቀድለታል፤ የሚያየው የፈጠራቸውን ሰዎች ነው። ድሮን የያዘው ሰው የሚያየው የእኔን አክስት ነው። እሳቸውን ደግሞ እሱ አልፈጠራቸውም። ይህን ለተማሪዬ ስነግረው ሳቀ፤ «ቲቸር፣ አሁንም ክፍል ውስጥ ነዎት» አለኝ። ልሁን!

ከተናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አንገቴን አስደፍቶኛል። «ፈቃድህን አሳይ የሚሉት ፈቃድ ያላቸው ናቸው» አለኝ። «አንድ ልጅ የመንደሩን ወንዝ ቀርጾ ሲለቅ ይመጡበትና ‹ለመሆኑ ፈቃድ አለህ?› ይሉታል። ስለ ደኅንነት ተጨንቀው አይደለም፤ ገበያው እንዳይበላሽ ነው።» ይህን አውቀዋለሁ። እኛ አገር ፈቃድ መጠየቅ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የሚወደው ሥራ ነው። እዚህ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሳያስፈቅድ ይዞ የመጣ ቦሌ ጉምሩክ አስቀምጦት ይገባል። ፈቃዱ ለማን ቶሎ እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚዘገይ ደግሞ አንባቢ አያጣውም። ነገ ቤት ሲፈርስ፣ ጎርፍ ሲገባ፣ ከላይ ሆኖ የሚያሳየን ሰው ማስፈቀድ ባይችልስ? ያለ ፈቃድ ቀርጾ እውነት ቢያሳየንስ? እሱን «መስመርህን ጻፍ» ብዬ ለአሳዳጁ ላቀብለው ነው?

አላቀብለውም። ለዚህ ነው አዋጅ ይውጣ ያላልኩት፤ ልማድ ይሁን ነው የምለው። ስሙን ደብቆ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ምክንያት ይኖረዋል፤ ምክንያቱን እናከብራለን። ይህ ማለት ግን ስለ ኬክ የሚጽፈውም ስሙን ይደብቅ ማለት አይደለም። ከሠርግ፣ ከሆቴል ማስታወቂያ፣ ከሪል እስቴት፣ ከዘፈን ክሊፕ ሰማይ ላይ ምን የሚያስደብቅ ነገር አለ? የሠርግ ቀራጭ በተቆርቋሪ ጋዜጠኛ ጀርባ አይከለል። ለወንዙ ልጅ ደግሞ «ለመዝናናት ያበረርኩት፤ ቦታው ሰው የሌለበት ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃዋል፤ ይህን የጻፈ ልጅ ደንቡን አስቦበታል። የሚሳደብበት ካለ እኔ ከልጁ ጋር ነኝ።

ደግሞ እኛ ጋ ነገሩን የሚያከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት «ድሮን» የሚለው ቃል በአገራችን ሁለት ትርጉም ይዞ ይኖራል። አዲስ አበባ ላይ የሠርግ ጌጥ ነው። ጦርነት ያየ ገጠር ላይ ሰው ድምፁን ሲሰማ ልጁን ይዞ የሚሮጥበት ነገር ነው። ከዚያ አካባቢ መጥታ አክስቴ ጎረቤት ተከራይታ የምትኖር አንዲት ሴት አለች። ያን ቅዳሜ የሠርጉ ድሮን ሲነሣ ሁለት ልጆቿን አልጋ ሥር አስገብታ እንደነበር አክስቴ ነገሩኝ። እሷ ቪዲዮው ላይ አልወጣችም፤ አልጋ ሥር ካሜራ አይደርስም። የሚጮኸው ነገር የሠርግ መሆኑን፣ የሚያበርረው እገሌ መሆኑን፣ እንዲህ ካለው ቦታ አስፈቅዶ መሆኑን ማንም አልነገራት። ከቪዲዮ ሥር የምትጻፍ አንዲት መስመር ያን ዕለት ለእሷ አትደርስላትም ነበር፤ ይህን አልክድም። ከቪዲዮው ሥር መጻፍ የለመደ ሰው ግን ከማስነሣቱ በፊት የጎረቤትን በር ማንኳኳት የሚጀምር ይመስለኛል።

ተማሪዬ አልተረታም። «አስብበታለሁ፣ ቲቸር» ብሎ ዘጋ፤ ይህ የትሕትና እምቢታ እንደሆነ ካስተማርኩት ዘመን ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ ግን የአክስቴ ጥያቄ እዳ ሆኖብኝ ከቪዲዮው ሥር ካሉት ሦስት ስልኮች አንዱ ላይ ደወልኩ። ጨዋ ወጣት አነሣ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ስለ ድሮኑ ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«አለን ጋሼ! ከሙሉ ፓኬጅ ጋር ከሆነ ቅናሽ እናደርግልዎታለን።»

«የማብረሪያ ፈቃድ አላችሁ?»

ትንሽ ዝም አለ። አጠገቡ ላለ ሰው ስልኩን በእጁ ሸፍኖ የሆነ ነገር ጠየቀ። ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ለሠርግ ነው ወይስ ለምርቃት?»